ፍርድ ቤት አትሂድ ያልነውን ወንድም ማን ይፍረድለት?



ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ የገዛ ጥፋቴ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ነገር ግን 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6ን በከፈትኩ ቁጥር ፊቴ ይቆማል።

በአገልግሎቴ መጀመሪያ ዓመታት፣ በማገለግልበት ጉባኤ ሁለት ወንድሞች አብረው የእህል ንግድ ጀመሩ። አንደኛው ገንዘቡን አወጣ፤ ሌላኛው መጋዘኑንና ሽያጩን ያዘ። ውል አልጻፉም። “ወንድማማች ነን፣ ውል ምን ያደርጋል?” ተባባሉ። በሁለተኛው ዓመት ገንዘቡን ያወጣው ወንድም ትርፉ ቀርቶ ዋናው ገንዘብ እንኳ እንደ ጎደለ ተረዳ። ሊከስ ወሰነ። ከመክሰሱ በፊት ግን ሊያማክረኝ መጣ። በእጁ በላስቲክ የታሰሩ ደረሰኞችና በእስክሪብቶ የተጻፉ ሒሳቦች ነበሩ።

እኔ ወረቀቶቹን አላየሁም። መጽሐፍ ቅዱሴን ከፍቼ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የገሠጸበትን ክፍል አነበብኩለት። “ፍርድ ቤት አትሂድ፤ የጌታን ስም ታሰድባለህ” አልኩት። በዚያው ሳምንት አንድ ማታ ሁለቱን ቢሮዬ አስቀመጥኳቸው። ጸለይን፣ አለቀስን፣ ተቃቀፉ። እሑድ በጉባኤ ፊት እንደ ምስክርነት ተነገረ፤ ሕዝቡም በእልልታ ጌታን አመሰገነ። ስለ ገንዘቡ የተባለው “ቀስ እያለ ይከፍለዋል” የሚል ብቻ ነበር። ስንት? እስከ መቼ? ማን ይከታተለዋል? የጠየቀ አልነበረም።

ከወራት በኋላ ያ ወንድም አንድ ብር እንዳልተከፈለው ሊነግረኝ ተመለሰ። እኔም “ይቅር ብለሃል እኮ፣ ለምን ታነሣዋለህ?” አልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። አንድ ቀን ባለቤቱን መንገድ ላይ አገኘኋትና ስለ እርሱ ጠየቅኋት። “ፓስተር፣ ዳኛ ዘንድ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ወረቀቱን ያይለት ነበር” አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። እኔም የምመልሰው አጣሁ።

በአማኞች መካከል የሚነሣ ክርክር ከፍርድ ቤት ውጭ፣ በሽምግልና ወይም በግልግል ቢያልቅ የተሻለ ነው ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ነገር ግን ይህን የምትል ቤተ ክርስቲያን ከባድ ዕዳ በራሷ ላይ ትጭናለች። ፍርድ ቤት አትሂድ ካልነው፣ ፍርድ ልንሰጠው ይገባናል። ይህን ካላደረግን የከለከልነው ፍርድ ቤቱን ብቻ አይደለም፤ ፍትሕን ራሱን ከልክለነዋል።

እስኪ ክፍሉን እንደገና እናንብበው። ጳውሎስ ፍርድ ቤት የክፉዎች ቤት ነው አላለም። እርሱ ራሱ በቆሮንቶስ ተከስሶ በአገረ ገዡ በጋልዮስ የፍርድ ወንበር ፊት ቀርቧል፤ ጋልዮስም ክሱን ሳይቀበል ከሳሾቹን አሰናብቷቸዋል (የሐዋርያት ሥራ 18፥12-17)። የዚያ የፍርድ መድረክ ፍርስራሽ ዛሬም በጥንታዊቷ ቆሮንቶስ ይታያል። ኋላም በቂሳርያ ፍርድ ሊጣመምበት መሆኑን ባየ ጊዜ፣ እንደ ሮማዊ ዜግነቱ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (25፥11)። ሕግን የናቀ ሰው እንዲህ አያደርግም። ሮሜ 13ን የጻፈውም እርሱ ነው።

ታዲያ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 ያዘነበት ምንድን ነው? ቁጥር 5ን ተመልከቱ። ያን ያህል በጥበብ የሚመካ ጉባኤ፣ በወንድምና በወንድም መካከል ሊፈርድ የሚችል አንድ አስተዋይ ሰው እንዴት አጣ? ብሎ ያሳፍራቸዋል። ኀፍረቱ የተበዳዩ ብቻ አይደለም፤ የጉባኤው ነው። ጳውሎስ “ክርክራችሁን ዋጡት” ሳይሆን “የሚዳኛችሁ ሰው አውጡ” እያለ ነው።

ቁጥር 7 እና 8ንም አብረን እናንብብ። በቁጥር 7 ከመካሰስ ይልቅ ብትበደሉ አይሻልም ወይ ብሎ ይጠይቃል። በቁጥር 8 ግን ፊቱን ወደ በዳዮቹ አዙሮ፣ ወንድሞቻችሁን የምትበድሉትና የምታታልሉት እናንተ ናችሁ ይላቸዋል። እኛ አገልጋዮች ብዙ ጊዜ ቁጥር 7ን ለተበዳዩ እናነባለን፤ ቁጥር 8ን ለበዳዩ ማንበብ እንረሳለን። እኔ በዚያ ማታ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። አንዱን ጥቅስ አንብቤ ቀጣዩን ዘለልኩት።

በደልን መሸከም ትልቅ ጸጋ ነው። አንድ አማኝ ስለ ጌታ ብሎ “መብቴን ትቼዋለሁ” ሲል ሰማይ ያከብረዋል። ነገር ግን ይህ ሰውየው በነጻነት፣ በጌታ ፊት ራሱ የሚወስነው ነው። መስቀልን በራሳችን ትከሻ እንሸከማለን እንጂ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ አንጭንም። በተለይ ጫኙ የወር ደመወዙ ያልተነካበት መጋቢ፣ ተሸካሚው ደግሞ የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ ያጣ አባት ከሆነ።

ሽምግልና ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ትምህርት አይደለም። አባቶቻችን ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲያስታርቁ ኖረዋል፤ “እርቅ ደም ያደርቅ” ያሉትም ቂም ደም እንደሚያፋስስ ስላዩ ነው። ነገር ግን ሽምግልናቸው ሥርዓት ነበረው። ሁለቱም ወገን የሚያምናቸውን ሰዎች ያስቀምጣል። ከሳሽ ተናግሮ ሲጨርስ ተከሳሽ ይናገራል። ምስክር ይሰማል። ካሣ ይቆረጣል። ዋስ ይጠራል። “ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በል” የሚባለው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። እኛ ግን መካከሉን ዘልለን መጨረሻዋን ቃል ብቻ ወሰድን።

ድካሙንም መደበቅ አይገባም። በባህላዊው ሽምግልና ብዙ ጊዜ የሴቶች ድምፅ አልተሰማም፤ ባለጠጋው ከድኃው ይልቅ ተከብሯል፤ በሴት ልጅ ላይ የተፈጸመ ግፍ በ“ቤተሰብ ክብር” ስም ተሸፍኗል። ይህን ድካም ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘን ገብተን ከሆነ ንስሐ ያስፈልገናል። እግዚአብሔር ለሙሴ ፈራጆች ትልቁንም ትንሹንም እኩል እንዲሰሙ፣ የሰው ፊት አይተው እንዳያደሉ አዟቸዋል (ዘዳግም 1፥16-17)።

የአገራችን ሕግም ይህን በር ከፍቶልናል። ብዙ ምእመናን ስለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ከፍርድ ቤት ውጭ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው እርቅ ነው። አስታራቂው ያቀራርባል፣ ያነጋግራል፣ ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚወስኑት ግን ባለጉዳዮቹ ናቸው። ሁለተኛው ግልግል ዳኝነት ነው። ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው የግልግል ዳኛ ይመርጣሉ፤ ማስረጃ ቀርቦ ከተሰማ በኋላ የሚወስነው ዳኛው ነው። ውሳኔው ያስገድዳቸዋል፤ እምቢ ያለ ካለም በፍርድ ቤት በኩል ይፈጸማል። ሁለቱም በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነበሩ፤ በኋላም የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ወጥቶላቸዋል። ክስ ከተጀመረ በኋላ እንኳ ተከራካሪዎች ታርቀው ስምምነታቸውን ለፍርድ ቤቱ ማቅረብ ይችላሉ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶችም ፍርድ ቤት መር የሆነ የማስማማት አሠራር አለ። ስለዚህ እርቅና ዳኝነት ጠላቶች አይደሉም።

ሕጉ ወሰንም አለው። የወንጀል ጉዳይ፣ የፍቺ ውሳኔ፣ ጉዲፈቻ፣ ሞግዚትነት፣ የግብርና የመሬት ጉዳይ የመሳሰሉት በግልግል ዳኝነት አይወሰኑም። ባልና ሚስትን ማስታረቅ ሥራችን ነው፤ ማፋታት ግን የፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። እንግዲህ ወገኖች፣ በዘይትና በጸሎት ከሕግ በላይ እንደ ሆንን አናስብ።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ሚስቱን የሚደበድብ ባል፣ ሕፃን ያስነወረ ሰው፣ ሴት ልጅ የደፈረ ሰው ጉዳይ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚያልቅ “አለመግባባት” አይደለም። ወንጀል ነው። ተጎጂዋን መጠበቅ፣ ሐኪም ዘንድ መውሰድ፣ ለፖሊስ ማመልከት ይገባል። መጋቢው ከእርስዋ ጋር ወደ ፖሊስ ጣቢያ አብሮ ይሂድ እንጂ በሩ ላይ ቆሞ አይመልሳት። እግዚአብሔር ለባለ ሥልጣን ሰይፍን የሰጠው እንዲህ ላለው ነገር ነው። “የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ” የሚለው ሰበብ የጌታን ስም ከማንኛውም ክስ በላይ አሰድቧል። በዳዩ ንስሐ ቢገባ በእስር ቤት ሄደን እንጠይቀዋለን፤ ቃሉን እናካፍለዋለን። ንስሐው ግን ከሕግ ማምለጫ አይሆንም።

ታዲያ የንግድ፣ የብድር፣ የኪራይ፣ የሥራ ክርክር ወደ እኛ ሲመጣ ምን እናድርግ? ከስሕተቴ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የማቴዎስ 18ን ቅደም ተከተል እንጠብቅ። ጌታ መጀመሪያ ብቻ ለብቻ፣ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ በመጨረሻ በጉባኤ አለ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ የወንድማችንን ስም “የጸሎት ርዕስ” ብለን በየቴሌግራሙ እንበትነዋለን።

ሁለተኛ፣ መጋቢው ሁልጊዜ ትክክለኛው ዳኛ ነው ብለን አናስብ። አንድ ሰው ስለ ርስት ክፍፍል ወንድሙን እንዲያዝለት ሲጠይቀው፣ ጌታ ራሱ ፈራጅ አልሆንላችሁም ብሎ መጎምጀትን ስለ መጠንቀቅ አስተማረ (ሉቃስ 12፥13-15)። እኔ የማውቀው ነገረ መለኮት ነው፤ የሒሳብ መዝገብ ማንበብ ግን አልችልም። በጉባኤያችን ግን የሒሳብ ባለሙያ አለ፣ ጠበቃ አለች፣ አርባ ዓመት የነገደ አባት አለ። ዮቶር ለሙሴ የመከረው ይህንኑ ነው፤ ችሎታ ያላቸው፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ እውነተኞች፣ ጉቦ የሚጠሉ ሰዎች ምረጥ (ዘጸአት 18፥21)። እግዚአብሔርን መፍራት ብቻ ሳይሆን ችሎታም ተጠይቋል። እያንዳንዱ ወገን አንድ ሰው ይምረጥ፤ ሁለቱ የተመረጡት ሦስተኛውን ይምረጡ። ባለጉዳይዋ ሴት ከሆነች ከሚቀመጡት መካከል ሴት ትኑር።

ሦስተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ተከራካሪ በሆነችበት ጉዳይ ቤተ ክርስቲያን አትዳኝ። ከሥራ የተሰናበተ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ከአሰናባቾቹ ፊት ቀርቦ ፍትሕ አያገኝም። በሕንጻ ወይም በባንክ ፊርማ የተለያዩ የሽማግሌ ቡድኖችም ራሳቸውን መዳኘት አይችሉም። ከሌላ ጉባኤ፣ ሁለቱም ወገን የሚቀበሉትን ሰው እንጥራ።

አራተኛ፣ ወረቀቱን እንይ። መጽሐፈ ምሳሌ መጀመሪያ የተናገረ ሰው ባላጋራው መጥቶ እስኪጠይቀው ድረስ ጻድቅ እንደሚመስል ያስጠነቅቃል (18፥17)። ሁለቱንም ፊት ለፊት እንስማ፤ ደረሰኝ፣ የባንክ ሰነድ፣ ምስክር እንጠይቅ። ይህ እምነት ማጣት አይደለም፤ እውነትን ማክበር ነው።

አምስተኛ፣ ስምምነቱ ይጻፍ። ገንዘቡ ስንት እንደ ሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሚከፈል፣ ዋሱ ማን እንደ ሆነ፣ ባይከፈል ምን እንደሚከተል በግልጽ ተጽፎ ሁለቱም በምስክር ፊት ይፈርሙ። ከዚያ አንድ ሰው ይከታተል። ንግድ የምትጀምሩ ወጣቶች ደግሞ ከመጣላታችሁ በፊት፣ ገና ስትዋደዱ ውል ጻፉ። ክርክር ቢነሣ መጀመሪያ በእርቅ፣ ካልሆነ በግልግል ዳኝነት ይታያል የሚል አንቀጽ አስገቡበት።

ስድስተኛ፣ የጊዜ ገደብ ይኑር። የመክሰስ መብት በይርጋ ይታገዳል። ለምሳሌ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ያለ አግባብ ከሥራ የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የሚከስበት ጊዜ 3 ወር ብቻ ነው። ሽማግሌዎች “እስኪ በጸሎት እንያዘው” እያሉ ሲያመላልሱት መብቱ ቢያልፍ፣ በእግዚአብሔር ፊት የሚጠየቀው ማን ነው? በተቆረጠው ቀን ካልተስማሙ፣ “የቻልነውን አድርገናል፤ አሁን ሕግ ዘንድ ብትሄድ አንፈርድብህም” ብለን በሰላም እንልቀቀው። ከዳኞችም መካከል ጌታን የሚፈሩ ወንድሞችና እህቶች አሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የብድር ጉዳይ በዚህ መንገድ ሄድን። ሦስት ሰዎች ተቀመጡ፤ አንዱ የሒሳብ ባለሙያ ነበር። እኔ በጸሎት ከፍቼ ወጣሁ። ሁለት ምሽት መዝገብ ሲያገላብጡ አመሹ። በመጨረሻ ተበዳሪው “የለብኝም” ያለው ዕዳ እንዳለበት ተረጋገጠ፤ አበዳሪውም ከሚገባው በላይ እንደ ጠየቀ ታወቀ። ሁለቱም አፈሩ። ገንዘቡ በስምንት ወር እንዲከፈል ተጽፎ ተፈረመ፤ አንድ ዲያቆን ዋስ ሆነ። ተከፍሎ አለቀ። ሁለቱ ሰዎች ዛሬ የቅርብ ወዳጆች አይደሉም፤ ነገር ግን በአንድ ጽዋ የጌታን ራት ይካፈላሉ፣ ሲገናኙም ሰላም ይባባላሉ። በጉባኤ ፊት ምስክርነት አልተነገረም፤ እልልታም አልነበረም። ለእኔ ግን ከመጀመሪያው እርቅ ይልቅ ወንጌልን የሚመስለው ይህኛው ነው።

ለምን ቢባል፣ ጳውሎስ ራሱ ሲያስታርቅ እንዲህ ነበርና። አናሲሞስን ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና ሲመልሰው፣ ወንድም አድርገህ ተቀበለው ብሎ ይለምናል። ነገር ግን ስለ ዕዳው ዝም አይልም። የሚጎድል ነገር ካለ በእኔ ሒሳብ ጻፈው፣ እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ይጽፍለታል (ፊልሞና 18-19)። አስታራቂው ዋስ ሆነ። ይቅርታ ለመነ፣ ደግሞም ዕዳውን አልካደም።

ጳውሎስ ይህን የተማረው ከማን እንደ ሆነ እናውቃለን። በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው አንዱ መካከለኛ ክርስቶስ ኢየሱስ ነው (1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5)። አብ ኃጢአታችንን እንዳላየ ሆኖ አላለፈውም። ዕዳችን ተቆጠረ፤ በመስቀል ላይም ተከፈለ። ሰላማችን የጸናው ዕዳው ስለ ተሸፈነ ሳይሆን ስለ ተከፈለ ነው። ይህን ወንጌል የምንሰብክ ሰዎች በተበዳይ ወንድማችን ጉዳይ ላይ ዕዳውን ሳናይ “ታረቁ” ብንል፣ ስብከታችንን በሥራችን እንሽረዋለን።

ይህን የምታነብ ወዳጄ፣ ምናልባት በአማኞች ተበድለህ፣ “ይቅር በል” ተብለህ፣ ጉዳይህን የሚሰማ አጥተህ ከቤተ ክርስቲያን የራቅህ ልትሆን ትችላለህ። ወይም ገና ጌታን እየፈለግህ፣ የክርስቲያኖችን መካሰስ አይተህ ያመነታህ ትሆናለህ። ወረቀትህን ያላየነው እኛ ነን፤ ጌታ ግን አይቶታል። እርሱ ለተገፉት የሚፈርድ አምላክ ነው። በእኛ ድካም የተነሣ ከእርሱ አትራቅ።

ያን ወንድም ፈልጌ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ሻይ አቀረበልኝ፤ ብዙም አልተናገረም። ያጣውን ገንዘብ ልመልስለት አልቻልኩም። ስወጣ እስከ ደጁ ሸኘኝ። ወደ ጉባኤው እስካሁን አልተመለሰም፤ እኔም ስለ እርሱ መጸለይ አላቆምኩም።

አባት ሆይ፣ በሕዝብህ መካከል ፊት አይተው የማያደሉ፣ ሁለቱን ወገን የሚሰሙ፣ እውነትን የሚደፍሩ አስታራቂዎችን አስነሣ። እኛን እረኞችህንም ከችኩል “ይቅር ተባባሉ” አድነን። የተገፉትን አስበህ ጉባኤህ መጠጊያቸው እንዲሆን እርዳን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።